የራስን የኢሜይል ሰርቨር መገንባት፣ መፈተሽና በጥንቃቄ ማስተዳደር

የራስን የኢሜይል ሰርቨር መትከል በራሱ የሚያስፈራ ሥራ አይደለም። ፖስትፊክስንና ዶቭኮትን፣ ማለትም ደብዳቤ የሚልክና የሚቀበለውን ፕሮግራምና ለተጠቃሚው የሚያቀርበውን፣ በአንድ የሊኑክስ ማሽን ላይ ጭኖ የመጀመሪያውን መልእክት መቀበል በግማሽ ቀን ያልቃል። አስቸጋሪው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፦ የተላከው ደብዳቤ ስፓም ውስጥ ሳይወድቅ ከተቀባዩ ዋና ሳጥን እንዲገባ ማድረግ፣ ሰርቨሩ የአጭበርባሪዎች መሸጋገሪያ እንዳይሆን መጠበቅ፣ አንድ ነገር ሲበላሽም ተጠቃሚው ከመጠየቁ በፊት ማወቅ። አብዛኞቹ መመሪያዎች ሰርቨሩ መላክና መቀበል መቻሉን አይተው ያቆማሉ። ይሁን እንጂ ለማንም ክፍት ሆኖ የቀረ ሰርቨርም ይልካል፣ ይቀበላል፤ እንዲያውም ከሁሉም አብልጦ ይልካል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምከተለው ዘዴ በየደረጃው ሰርቨሩ ማድረግ ካለበት ነገር ጎን ለጎን እምቢ ማለት ያለበትንም መፈተን ነው።

ከመጫን በፊት የሚጣሩ ነገሮች

ከሁሉ አስቀድሞ ማሽኑ የሚቀመጥበት ኔትወርክ ለኢሜይል የሚመች መሆኑን ያጣሩ፤ ይህ ካልተሟላ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ሰርቨሮች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡት በ25 ቁጥር ፖርት (የኔትወርክ በር) ሲሆን፣ ብዙ የክላውድና የኢንተርኔት አቅራቢዎች ወደ ውጭ የሚሄደውን የዚህን ፖርት ግንኙነት ስፓምን ለመከላከል ሲሉ ዘግተውት ይገኛሉ። አንዳንዶቹ በጥያቄ ይከፍታሉ፤ ሌሎቹ በምንም ዓይነት አይከፍቱም። ከማሽኑ ተነሥተው ወደ አንድ የታወቀ የኢሜይል ሰርቨር 25 ፖርት ግንኙነት ይሞክሩ፤ የ220 ሰላምታ ካልመጣና ግንኙነቱ ተንጠልጥሎ ከቀረ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ኢንተርኔት መስመር ደግሞ ፖርቱ ክፍት ቢሆን እንኳ አይመከርም፤ የእነዚህ መስመሮች አድራሻዎች ቀጥታ ኢሜይል መላክ እንደማይገባቸው ተቆጥረው በጥቁር መዝገቦች፣ ማለትም በተጠርጣሪ አድራሻዎች ዝርዝሮች፣ ላይ አስቀድመው የሰፈሩ ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ፒቲአር የሚባለው የተገላቢጦሽ የዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞችን ከአድራሻዎች ጋር የሚያገናኘው ሥርዓት) መዝገብ ነው። ከስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚወስደውን መዝገብ እርስዎ በራስዎ ዶሜይን ላይ ይጽፋሉ፤ ከአድራሻ ወደ ስም የሚመልሰውን ግን መጻፍ የሚችለው የአድራሻው ባለቤት፣ ማለትም አቅራቢዎ ነው። አድራሻው ወደ ስሙ፣ ስሙም ተመልሶ ወደዚያው አድራሻ መምራት አለበት፤ ሰርቨሩ ራሱን ሲያስተዋውቅ የሚጠቀምበት ስምም ያው ሊሆን ይገባል። ማሽኑ አይፒቪ6 ካለውና ለእርሱ ፒቲአር ማግኘት ካልተቻለ ፖስትፊክስ በአይፒቪ4 ብቻ እንዲልክ ያድርጉ። ይህን ባለማስተካከል የሚመጣው ችግር ግራ የሚያጋባ ነው፤ ለአንዳንዱ ተቀባይ መልእክቱ ይደርሳል፣ ለሌላው ይመለሳል፤ ልዩነቱም በዚያች ቅጽበት በየትኛው አድራሻ በኩል እንደወጣ ብቻ ነው።

የአድራሻውን ያለፈ ታሪክም ይመርምሩ። የተሰጠዎት አይፒ ቀድሞ በስፓም ላኪ እጅ የነበረ ከሆነ ስሙን ማጽዳት ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ገና ከጅምሩ በሌላ እንዲለወጥልዎ መጠየቅ ይቀላል።

የመሞከሪያ ቦታ

ሰርቨሩን በቀጥታ በሚሠራ ዶሜይን ላይ እየሞከሩ መገንባት የተለመደ ቢሆንም መጥፎ ልማድ ነው። ከዚያ ይልቅ በተለየ ውስጣዊ ኔትወርክ ላይ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች ያዘጋጁ፤ አንዱ ወደፊት የሚሠራው ሰርቨር፣ ሌላው «የውጭውን ዓለም» የሚወክል ሰርቨር ይሁን። ለሁለቱም በ«ቴስት» የሚያበቁ ስሞች ይስጧቸው፤ ይህ ቅጥያ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው አርኤፍሲ 2606 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደረጃዎች የሚታተሙበት ሰነድ ነው) ለሙከራ ብቻ የተከለለ ስለሆነ ከእውነተኛ ዶሜይን ጋር ፈጽሞ አይጋጭም። መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ሜይልፒትን የመሰለ መሣሪያ ይበቃዋል፤ የተላከለትን ሁሉ ለማንም ሳያደርስ በብሮውዘር ያሳያል።

የማዋቀሪያ ፋይሎቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት ውስጥ ያስቀምጡ። የኢሜይል ሰርቨር ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚታየው ለውጡ ከተደረገ ከቀናት በኋላ በመሆኑ፣ ምን መቼ እንደተለወጠ የሚናገር መዝገብ ከሌለ ፍለጋው በዘፈቀደ ይሆናል። የግል ቁልፎችና የይለፍ ቃላት ግን እዚያ ውስጥ እንዳይገቡ ይጠንቀቁ።

ወደ እውነተኛው ዶሜይን ሲሸጋገሩ የዲኤንኤስ መዝገቦቹን የቆይታ ጊዜ አስቀድመው ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ ያድርጉ፤ ስሕተት ቢፈጠር እርማቱ በደቂቃዎች ውስጥ እንዲዳረስ ነው። በዚሁ የሽግግር ጊዜ የፖስትፊክስን «ሶፍት ባውንስ» የተሰኘ ማስተካከያ ያብሩ። ይህ ማስተካከያ በ5 የሚጀምሩትን የመጨረሻ እምቢታዎች በ4 ወደሚጀምሩ ጊዜያዊ እምቢታዎች ይለውጣቸዋል፤ በስሕተት የከለከሉት መልእክት ላኪው ዘንድ በወረፋ ይቆይና ካስተካከሉ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ሁሉም ነገር ሲጸና ማጥፋትዎን አይርሱ፤ በርቶ ከቀረ የእርስዎም ሰርቨር ሊደርሱ የማይችሉ መልእክቶችን ለቀናት ሲያንከባልል ይኖራል።

ክፍሎቹና ድንበሮቻቸው

ፖስትፊክስ ዊትሰ ቬኔማ በአይቢኤም የምርምር ማዕከል የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ የሆነ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሥራውን ለብዙ ትናንሽ ፕሮግራሞች ከፋፍሎ ለእያንዳንዳቸው አነስተኛ ሥልጣን ብቻ የሚሰጥ መሆኑ እስካሁን ላለው መልካም ስም ዋናው ምክንያት ነው። ዶቭኮት ደግሞ ተጠቃሚው ደብዳቤዎቹን በአይማፕ (ደብዳቤን ከሰርቨር ላይ ማንበቢያ ፕሮቶኮል) እንዲያነብ ያደርጋል፤ የይለፍ ቃል የማረጋገጡንም ሥራ ለፖስትፊክስ ይሠራለታል። በመካከላቸው አርስፓምዲ የተባለው የስፓም ማጣሪያ ገብቶ መልእክቶችን ይመዝናል፣ ወጪዎቹንም ይፈርማል። ስለ ዶቭኮት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 2.4 እትም የማዋቀሪያ ፋይሉን አጻጻፍ ስለለወጠ ከዚያ በፊት የተጻፉ ምሳሌዎች እንዳሉ ተገልብጠው አይሠሩም።

ለውጭው ዓለም የሚከፈቱት ፖርቶች ጥቂት ናቸው። 25 ከሌሎች ሰርቨሮች ለመቀበል፣ 465 ተጠቃሚዎች ለሚልኩት፣ 993 ለአይማፕ። 587 ላይ የሚሠሩ አሮጌ ደንበኛ ፕሮግራሞች ካሉ እርሱንም መክፈት ይቻላል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አርኤፍሲ 8314 ገና ከመጀመሪያው ባይት የተመሰጠረውን 465ን ያስቀድማል። ያልተመሰጠሩት 110 እና 143 ይዘጉ። የአርስፓምዲ መቆጣጠሪያ ገጽም ሆነ ሌላ ማናቸውም የአስተዳደር በር ከውስጥ ኔትወርክ ወይም ከቪፒኤን ብቻ የሚደረስበት ይሁን።

ሜይልካው፣ ሜይል ኢን ኤ ቦክስና የመሳሰሉት እነዚህን ሁሉ ባንድ አቀናጅተው የሚያቀርቡ ጥቅሎች ናቸው፤ በእነርሱ መጠቀም የሚያሳፍር አይደለም። ቢሆንም ቢያንስ አንድ ጊዜ በሙከራ ማሽን ላይ ክፍሎቹን በእጅ ገጣጥሞ ማየት ይጠቅማል፤ ጥቅሉ አንድ ቀን ሲሰናከል ከየትኛው ክፍል ጋር እየታገሉ እንደሆነ የሚያውቁት ያኔ ነው።

ከሰርቨሩ ጋር በእጅ መነጋገር

ሰርቨሮች ኢሜይል የሚላላኩበት ኤስኤምቲፒ ሰው በእጁ ሊተይበው የሚችል ፕሮቶኮል ነው፤ ከዚህ የተሻለ መማሪያም ሆነ መፈተሻ የለውም። ከራስዎ ኔትወርክ ውጭ ካለ ማሽን በቴልኔት ወይም በኔትካት ወደ 25 ፖርት ይግቡ። ሰርቨሩ በ220 የሚጀምር ሰላምታ ይልካል፤ በሰላምታው ውስጥ ያለው ስም ከፒቲአሩ ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ይመልከቱ። በ«ኤህሎ» ትእዛዝ ራስዎን ሲያስተዋውቁ የሚደግፋቸውን አገልግሎቶች በ250 ይዘረዝራል። በዝርዝሩ ውስጥ ምስጠራን የሚያስጀምረው «ስታርት ቲኤልኤስ» ሊኖር ይገባል፤ የይለፍ ቃል መቀበያ የሆነው «ኦውዝ» ግን በዚህ ፖርት ላይ መታየት የለበትም፤ ከታየ የይለፍ ቃል ገማቾች ሁሉ በዚያ በር ይሰለፋሉ። ቀጥሎ በ«ሜይል ፍሮም» አንድ የውጭ ላኪ አድራሻ ይስጡ፤ 250 ይመልሳል። አሁን በ«አርሲፒቲ ቱ» የእርስዎ ባልሆነ ሌላ ዶሜይን ያለ ተቀባይ ይጥሩ።

የሰርቨሩ ጤንነት የሚለየው በዚህች መስመር ነው። መልሱ 554 ሆኖ ከጎኑ 5.7.1 ካለና «ሪሌይ አክሰስ ዲናይድ» የሚል ከሆነ ደኅና ነው። 454 እና 4.7.1 ካለም ተከልክሏል፤ የፖስትፊክስ ነባሪ ደንብ ወይም ያልጠፋው ሶፍት ባውንስ እምቢታውን ጊዜያዊ አድርጎት ነው። 250 ካለ ግን ሰርቨሩ ክፍት ሪሌይ (የማንንም ደብዳቤ ለማንም የሚያሻግር) ሆኗልና ሌላ ነገር ሳይነኩ ከኢንተርኔት ያላቅቁት፤ እንዲህ ያሉትን ሌት ተቀን የሚያስሱ ማሽኖች ሳይውሉ ሳያድሩ ያገኙታል።

ይህ ፈተና ከውጭ መደረግ አለበት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፖስትፊክስ «ማይኔትወርክስ» በተሰኘው ዝርዝር ውስጥ ላሉ አድራሻዎች ያለ ይለፍ ቃል መላክን ይፈቅዳል። ሰርቨሩ ፕሮግራሞችን ነጥሎ በሚያስኬድ በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ወይም ግንኙነቶችን ተቀብሎ ከሚያስተላልፍ ፕሮክሲ ጀርባ ሲቀመጥ አንዳንድ የአሠራር ዓይነቶች የላኪውን እውነተኛ አድራሻ ይሰውሩና ከዓለም ዙሪያ የመጣውን ግንኙነት ሁሉ ከውስጥ መግቢያው፣ ለምሳሌ ከ172.17.0.1፣ እንደመጣ አድርገው ያቀርቡታል። ያ አድራሻ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ደንቦቹ በወረቀት ላይ እንከን የለሽ ሆነው ሳለ ሰርቨሩ ለማንም ክፍት ነው። ከውስጥ ሆኖ የሚፈትን ሰው ይህን ፈጽሞ አያየውም። በሎጉ ውስጥ የሚመዘገበው የግንኙነት አድራሻ የእርስዎ እውነተኛ የውጭ አድራሻ መሆኑን ማየት የዚሁ ፈተና ግማሽ አካል ነው፤ ዝርዝሩንም ወደ 127.0.0.1 እና ወደ አይፒቪ6 አቻው ብቻ ማጥበብ ይመረጣል።

ሌላው የእምቢታ ፈተና በራስዎ ዶሜይን የሌለ ተጠቃሚን መጥራት ነው። ሰርቨሩ እዚያው በንግግሩ መካከል 550 እና 5.1.1 ብሎ ሊመልስ ይገባል። መጀመሪያ ተቀብሎ በኋላ የመመለሻ ደብዳቤ የሚልክ ከሆነ፣ ያ ደብዳቤ የሚሄደው አጭበርባሪው ስሙን ለሰረቀው ንጹሕ ሰው ነው፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ጥቁር መዝገብ ላይ የሚሰፍሩ ሰርቨሮች አሉ። የስፓም ውሳኔም በተመሳሳይ ምክንያት ግንኙነቱ ሳይዘጋ መሰጠት አለበት።

እነዚህን ፈተናዎች በእጅ አንዴ ካዩ በኋላ ስዋክስ በተባለው መሣሪያ ወደ ስክሪፕት ይለውጧቸው። ስዋክስ ላኪን፣ ተቀባይን፣ ምስጠራንና የይለፍ ቃልን በትእዛዝ መስመር ተቀብሎ ንግግሩን ያካሂዳል። እያንዳንዱ ፈተና የሚጠብቀውን ቁጥር ይያዝ፦ ይህ 250፣ ያኛው 554፣ ሌላኛው 550። ማዋቀሪያው በተለወጠ ቁጥር ስክሪፕቱ ይሩጥ።

ማንነትን ማስመስከር

አንድ ኢሜይል ሁለት ላኪዎች አሉት፤ እንደ ወረቀት ደብዳቤ አንዱ በፖስታው ላይ፣ ሌላው በውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በ«ሜይል ፍሮም» የተሰጠው የፖስታው ሲሆን፣ ተቀባዩ በስክሪኑ ላይ የሚያየው «ፍሮም» የወረቀቱ ነው። ኤስኤምቲፒ ሁለቱ እንዲመሳሰሉ አያስገድድም፤ ቀጥሎ ያሉት ሦስት ዘዴዎች የተፈጠሩት ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

ኤስፒኤፍ ከዶሜይኑ ስም ኢሜይል መላክ የተፈቀደላቸውን አድራሻዎች በዲኤንኤስ ውስጥ በሚጻፍ ቲኤክስቲ (የጽሑፍ) መዝገብ ያሳውቃል፤ የሚመለከተውም የፖስታውን ላኪ ነው። በአንድ ዶሜይን ላይ ሁለት የኤስፒኤፍ መዝገቦች ካሉ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ፤ አንድ መዝገብም ከ10 በላይ ተጨማሪ የዲኤንኤስ ጥያቄ የሚያስጠይቅ ከሆነ ምርመራው በስሕተት ይቋረጣል። ለአንድ ሰርቨር የአይፒ አድራሻውን በቀጥታ መጻፍ ከሁሉም ይሻላል። የኤስፒኤፍ ደካማ ጎኑ መልእክቱ ወደ ሌላ አድራሻ ሲዛወር መውደቁ ነው፤ ያዛወረው ሰርቨር በዝርዝሩ ውስጥ የለምና።

ዲኪም በበኩሉ መልእክቱን በግል ቁልፍ ይፈርማል፤ የአደባባይ ቁልፉ በዲኤንኤስ ይቀመጣል። ፊርማው ከመልእክቱ ጋር ስለሚጓዝ ይዘቱ እስካልተነካ ድረስ በማዛወር አይፈርስም፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ በጥንቃቄ የመሥራት ጊዜ ያለው ሰው ዲኪምን ቢያስቀድም አይጸጸትም። የአርኤስኤ ቁልፍ ርዝመት 2048 ቢት ይሁን። በቲኤክስቲ መዝገብ ውስጥ አንድ ሐረግ ከ255 ባይት በላይ ስለማይዝ ይህ ቁልፍ በሁለት ተከፍሎ መጻፍ ይኖርበታል፤ አንዳንድ የዲኤንኤስ መቆጣጠሪያ ገጾች ራሳቸው ይከፍሉታል፣ ሌሎቹ ሳይናገሩ ይቆርጡታል። የጻፉትን ከዲኤንኤስ መልሰው ጠይቀው ከፋይሉ ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል። ለቁልፉ የሚሰጠው መለያ ስም ዓመቱን የያዘ ቢሆን በየጊዜው መቀየር ይቀላል፤ አዲሱ ቁልፍ ሥራ ከጀመረ በኋላም አሮጌውን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ከዲኤንኤስ አያውርዱ፤ በእርሱ የተፈረሙ መልእክቶች ገና በየወረፋው ሊኖሩ ይችላሉ።

ዲማርክ ሁለቱን ያስተሳስራል። ከኤስፒኤፍና ከዲኪም ቢያንስ አንዱ ያለፈው በስክሪን ላይ በሚታየው ዶሜይን ስም መሆኑን ይጠይቃል፤ ካልሆነ ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልጉም ይገልጻል። ዝም ብሎ በሪፖርት ብቻ ይጀምሩ፤ ሪፖርቶቹን ለጥቂት ሳምንታት ካነበቡና በስምዎ የሚልክ የረሱት ፕሮግራም አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ወደ ስፓም ማዛወር፣ ከዚያም ሙሉ ለሙሉ ወደ መከልከል ይሻገሩ። ጉዳዩ የውዴታ መሆኑም ቀርቷል። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጂሜይል ወደ እርሱ የሚልክ ሰርቨር ሁሉ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም፣ የተስተካከለ ፒቲአርና ምስጠራ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ በቀን ከ5000 በላይ ለሚልኩት ደግሞ ሁለቱም ከዲማርክ ጋር ግዴታ ናቸው፤ የስፓም አቤቱታም ከ0.3 በመቶ እንዳይደርስ አስጠንቅቋል።

መፈተሻው ቀላል ነው። በአንድ ትልቅ አገልግሎት ላይ ወዳለዎት አድራሻ መልእክት ይላኩና የመልእክቱን ሙሉ ራስጌ ይክፈቱ። «ኦተንቲኬሽን ሪዘልትስ» በሚለው መስመር ሦስቱም ስሞች ከጎናቸው «ፓስ» የሚል ቃል ይዘው መገኘት አለባቸው። በዚህ አይቁሙ፤ የራስዎን ዶሜይን በ«ፍሮም» ላይ አስመስለው፣ በኤስፒኤፍ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ሌላ የሙከራ ማሽንዎ፣ ያለ ፊርማ ወደዚያው አድራሻ ይላኩ። ይህኛው መውደቅ አለበት። ካለፈ በኤስፒኤፍዎ ውስጥ ከሚገባው በላይ ሰፊ የአድራሻ ክልል ጽፈዋል ማለት ነው።

አዲስ አድራሻ የሆነ ሰርቨር ሁሉንም አሟልቶም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጥርጣሬ ሊታይ ይችላል። በብዛት አይላኩ፤ ከሚያውቋቸውና መልስ ከሚሰጡ ሰዎች ጋር ይጻጻፉ።

ምስጠራ

ለምስጠራው የሚያስፈልገው ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት ከተባለው ድርጅት በነፃ ይገኛል፤ የሚያገለግለው 90 ቀን ስለሆነ እድሳቱ በራሱ የሚካሄድ ይሁን። የተለመደው ብልሽት ሰርተፊኬቱ ሳይታደስ መቅረቱ ሳይሆን፣ ፋይሉ ታድሶ ዶቭኮት አሮጌውን በማስታወሻው ይዞ መቀጠሉ ነው፤ ከእድሳቱ በኋላ አገልግሎቶቹ ፋይሉን ዳግም እንዲያነቡ የሚያዝ መስመር ይጨምሩ። በ465 እና በ993 ላይ ምስጠራ ግዴታ ይሁን። በ25 ላይ ግን ግዴታ ማድረግ ምስጠራ የማይችሉ ሰርቨሮችን መቁረጥ ስለሆነ፣ ሲቻል መመስጠር፣ ሳይቻል መቀበል የተለመደው ደንብ ነው።

ይህ ልቅ ደንብ በመንገድ ላይ የተቀመጠ አጥቂ «ስታርት ቲኤልኤስ» የሚለውን መስመር ሰርዞ ንግግሩን ግልጽ እንዲያደርግ ዕድል ይሰጠዋል። መፍትሔው ኤምቲኤ ኤስቲኤስ ነው፦ «ወደ እኔ ስትልኩ ሳትመሰጥሩ አትላኩ» የሚል ፖሊሲ በዌብ ገጽ ላይ ማስቀመጥ። በሙከራ ሁነታ ጀምረው ሪፖርቱ ንጹሕ ሲሆን ወደ አስገዳጁ ይለውጡት። የሰርተፊኬቱን መለያ በዲኤንኤስ የሚያስቀምጠው ዴን የተባለው አማራጭ ዲኤንኤስሴክ፣ ማለትም በፊርማ የተረጋገጠ ዲኤንኤስ፣ ይፈልጋል፤ ጠንካራ ቢሆንም ሰርተፊኬቱ በአዲስ ቁልፍ ሲታደስ የዲኤንኤሱ መዝገብ አብሮ ካልተለወጠ ዴንን ከሚያረጋግጡ ላኪዎች ደብዳቤ መምጣቱ ይቋረጣል።

ስፓምና ጥቁር መዝገቦች

የስፓምሃውስን የመሰሉ ጥቁር መዝገቦች የሚጠየቁት በዲኤንኤስ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሰናክል ጉድጓድ አለ። ስፓምሃውስ በትልልቅ የሕዝብ ዲኤንኤስ አገልግሎቶች በኩል ለሚመጣ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ አይሰጥም፤ 127.255.255.254 የሚል የስሕተት ምልክት ይመልሳል። ማናቸውንም መልስ «ተመዝግቧል» ብሎ የሚተረጉም ማጣሪያ በዚህ ጊዜ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ይመልሳል። ስለዚህ በሰርቨሩ ላይ አንባውንድን የመሰለ የራስዎ የዲኤንኤስ ጠያቂ ይጫኑ። መፈተኛውም ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል፤ በአርኤፍሲ 5782 መሠረት እያንዳንዱ ጥቁር መዝገብ 127.0.0.2ን «አለ»፣ 127.0.0.1ን ደግሞ «የለም» ብሎ መመለስ ይኖርበታል። ሁለቱን ይጠይቁ፤ ሁለቱም «አለ» ከተባሉ ያንን መዝገብ ወዲያውኑ ከማዋቀሪያው ያውጡ።

ለይዘት ማጣሪያው ጂቱብ የሚባል፣ ማንም ማጣሪያ ስፓም ብሎ ሊይዘው የሚገባ መደበኛ የሙከራ ጽሑፍ አለ፤ ለቫይረስ መመርመሪያም አይካር የተባለው ምንም ጉዳት የሌለው ፋይል ያገለግላል። የቫይረስ መመርመሪያው ክላምኤቪ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ማስታወሻ ስለሚወስድ በትንሽ ማሽን ላይ ከመጫኑ በፊት ቢታሰብበት ጥሩ ነው።

አካውንቶችና ጥቃቶች

ሥራ ላይ ያለ ሰርቨር በብዛት የሚደፈረው በተሰረቀ የይለፍ ቃል ነው። የይለፍ ቃላቱ አርጎን2 በተባለው ዘዴ ወደ ኋላ ወደማይመለስ አሻራ ተለውጠው ይቀመጡ፤ ተደጋጋሚ የተሳሳተ ሙከራ የሚያደርጉ አድራሻዎች ፌይል ቱ ባን በተባለው መሣሪያ ይታገዱ፤ ብዙ ተጠቃሚዎች በአንድ አድራሻ የሚወጡበት መሥሪያ ቤት ካለ ግን ያ አድራሻ አስቀድሞ ነፃ ይደረግ። አንድ ተጠቃሚ በሌላው ስም እንዳይልክ የመግቢያ ስምን ከላኪ አድራሻ ጋር የሚያመሳክረውን የፖስትፊክስ ደንብ ያብሩ፤ በሰዓት የሚላከውንም ብዛት ይገድቡ። በሰዓት 100 መልእክት ለአንድ ተራ ሰው ከበቂ በላይ ነው፤ አካውንቱ ቢሰረቅ ግን ጉዳቱን በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። የእምቢታ ፈተናው፦ በአንዱ ተጠቃሚ ይለፍ ቃል ገብተው በሌላው አድራሻ ለመላክ ይሞክሩ።

የደኅንነት እርማቶችን ማዘግየት አይገባም። እ.ኤ.አ. በጁን 2019 ይፋ የሆነው የኤግዚም (ሌላ የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር) የደኅንነት ቀዳዳ በቀናት ውስጥ ጥቃት ተከትሎታል። በዲሴምበር 2023 ደግሞ የኤስኤምቲፒ ኮንትሮባንድ የተሰኘው ዘዴ ይፋ ሆነ፤ ሰርቨሮች የመልእክት ማብቂያ ምልክትን በተለያየ መንገድ ስለሚተረጉሙ፣ አጥቂው በአንድ መልእክት ሆድ ውስጥ ኤስፒኤፍን የሚያልፍ ሁለተኛ የሐሰት መልእክት ማስገባት ይችል ነበር። ፖስትፊክስ ከ3.9 እትም ጀምሮ መከላከያውን በነባሪነት ያበራል፤ ከዚያ በታች ያለ እትም የሚጠቀም ሰው ማስተካከያው መብራቱን ራሱ ያረጋግጥ።

የዕለት ተዕለት ጥበቃ

ሁለት ቁጥሮችን ከሌላው ሁሉ አስበልጬ እከታተላለሁ፦ የወረፋውን ርዝመትና የዲስኩን ቀሪ ቦታ። ወረፋው በድንገት ካበጠ ወይ አካውንት ተሰርቋል፣ ወይ አንድ ትልቅ ተቀባይ አግዶዎታል፤ የትኛው እንደሆነ ከወረፋው መልእክቶች ጎን የተጻፈው ምክንያት ይነግርዎታል። ዲስኩ ሲሞላ ፖስትፊክስ 452 እያለ መቀበል ያቆማል፤ ደብዳቤ በተናጠል ፋይል ሲቀመጥ ደግሞ ቦታ ሳያልቅ የፋይል ቁጥር ገደቡ ሊያልቅ ይችላልና ሁለቱንም ይለኩ። ከዚህ በተረፈ በሌላ አገልግሎት ላይ አንድ አካውንት ከፍተው በየሰዓቱ መልእክት ወዲያና ወዲህ የሚልክና መድረሱን የሚያረጋግጥ ትንሽ ስክሪፕት ይትከሉ። «ፖስትማስተር» እና «አቢዩዝ» የሚባሉት አድራሻዎች ወደሚነበብ ሳጥን ይግቡ፤ የመጀመሪያው በደረጃው የታዘዘ ነው፣ ቅሬታም ቀድሞ የሚመጣው ወደ እነርሱ ነው።

የመጠባበቂያ ቅጂው ደብዳቤዎቹን ብቻ ሳይሆን የአካውንት ዝርዝሩን፣ የዲኪም ቁልፎቹንና ማዋቀሪያዎቹን ይያዝ፤ ከሰርቨሩ ላይ ሊሰረዝ በማይችል ሌላ ቦታም ይቀመጥ። መልሶ የማቋቋም ልምምድ ሲያደርጉ አዲሱን ማሽን ከኢንተርኔት ነጥለው ያስነሡ፤ አለዚያ በቅጂው ውስጥ ያለው ወረፋ ቀድሞ የተላከን ደብዳቤ ዳግም ይልካል። ሁለተኛ ኤምኤክስ (ለዶሜይኑ ደብዳቤ የሚቀበል) ሰርቨር ማቆምን ግን አልመክርም። ላኪ ሰርቨሮች መልእክቱን ለ4 ወይም ለ5 ቀን ያህል በወረፋ ይዘው ስለሚሞክሩ የአንድ ቀን መቋረጥ ደብዳቤ አያስጠፋም፤ ጥበቃው የላላ ሁለተኛ ሰርቨር ግን ስፓም ላኪዎች ሆን ብለው የሚመርጡት የጓሮ በር ይሆናል።

ሰርቨሩን ለመዝጋት ሲወስኑም የሚቀር ሥራ አለ። በዶሜይኑ ላይ ደብዳቤ እንደማይቀበል የሚገልጽ ባዶ የኤምኤክስ መዝገብ፣ ማንም እንዳይልክ የሚከለክል ኤስፒኤፍና መከልከልን የሚያዝ ዲማርክ ይተዉ። ዶሜይኑን ራሱን ግን በእርሱ የተከፈቱ የባንክ፣ የማኅበራዊ ሚዲያና ሌሎች አካውንቶች ሁሉ ወደ አዲስ አድራሻ እስኪዛወሩ ድረስ እያደሱ ይያዙት፤ ጊዜው ካለፈበት በኋላ የሚመዘግበው እንግዳ ሰው ኤምኤክሱን ወደ ራሱ አዙሮ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ደብዳቤዎችን መቀበል ይችላል።